ድዳው አፉን የፈታ ዕለት

ድሮ ቢሆን፣ ሰው በተዘጋ ቤት ውስጥ ተቀርቅሮ በሩ እንዳይከፈት ይጸልያል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኔ ግን ጸልያለሁ። ዳንግላ ከተማ፣ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ በዙሪያዬ ያለው ሕዝብ ሁሉ «አንተው አውጣን» እያለ ፈጣሪውን ሲማጠን፣ እኔ ከጥግ ተቀምጬ በልቤ «ትንሽ ቆይ፤ አሁን አይከፈት» እል ነበር። ያን ቀን የሆነውን ለልጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቻቸዋለሁ። ዛሬ ለእናንተም ልንገራችሁ። ከነገሩ በፊት ግን ያኔ ማን እንደነበርኩ ማወቅ አለባችሁ።

እንየው እባላለሁ። ዘመኑ አምሳዎቹ ውስጥ ነው። የተወለድኩት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። በቤታችን የሚወራው አገውኛ ነው። አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነው ያገኘሁት። ከመንደራችን ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዶ የተማረ ከእኔ በፊት ስላልነበረ፣ አባቴ በሄደበት ሁሉ የእኔን ወሬ ነበር የሚያወራው። ወሬው ብዙ አልዘለቀም። ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ታላቅ ወንድሜ ፈንቴ ሰው ገደለ።

ጠቡ በግጦሽ ወሰን ነበር። የሞተው ጥሩነህ የሚባል ጎረቤታችን ነው፤ ከብቶቻችን አብረው የሚውሉ፣ በዓል ሲሆን የሚጠራን፣ እኛም የምንጠራው ሰው። ወንድሜ በዚያው ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ። በዚያን ጊዜው የአገራችን ወግ፣ ገዳይ ከጠፋ ደሙ የሚፈለገው ከቅርብ ወንድ ዘመዱ ነው። አባቴ አርጅቷል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ደሙን የመመለሱ ግዴታ ደግሞ የወደቀው በሟቹ ታላቅ ወንድም በአያ ቸኮል ትከሻ ላይ ነበር።

አያ ቸኮልን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ገበሬ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ዛሬ ሳይሆን ያኔም አውቀው ነበር፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ሊረሳ ይችላል፤ ሌላ ጠብ ሲያገኝ የድሮውን ሊተወው ይችላል። እሳቸው ግን ማድረግ አለብኝ ያሉትን ሳያደርጉ የሚቀሩ ሰው አይደሉም።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አዘኑልኝና ከግቢው ጀርባ ካለች አንዲት ክፍል አስገቡኝ። ትናንሾቹን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ከዚያ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ከግቢው በር አልወጣም። በገበያ ቀን የሕዝቡን ጫጫታ፣ የአህዮቹን ማናፋት፣ የሻጮቹን ጥሪ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ እንጂ ገበያውን አላየውም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምሳለመው ከአጥሩ ሥር ቆሜ ነው። እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አንዳንዴ መታሰር ይሻላል እል ነበር፤ እስረኛ ቢያንስ የሚፈታበትን ቀን ያውቃል።

በግንቦት መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ የሲኒማ መኪና መጣ ተባለ። በየአውራጃው እየዞሩ ለሕዝብ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። ኃላፊያቸው አቶ ግርማ የሚባሉ፣ ወፈር ያሉ፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ናቸው። ከዲሬክተሩ ጋር ወደ ክፍሌ መጡ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ አስተርጓሚያቸው ባሕር ዳር ላይ ታሞ ቀርቶባቸዋል። አማርኛውን የሚተረጉም ሰው ቢያገኙም፣ ከገጠር የሚመጣው ገበያተኛ አብዛኛው አገውኛ ተናጋሪ ነው። ሦስቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው በከተማው ውስጥ እኔ ነበርኩ።

ዲሬክተሩ ስጋቴን ስለሚያውቁ፣ ፊልሙ የሚታየው መስኮቱ ሁሉ በጆንያ ተደፍኖ በጨለመ መጋዘን ውስጥ ስለሆነ ማንም ፊቴን እንደማያይ ነገሩኝ። ሕዝቡ ሳይገባ እኔን አስቀድመው ያስገቡኛል፤ ሕዝቡ ወጥቶ ሲያልቅ ያስወጡኛል። እውነቱን ለመናገር ብዙ ልመና አላስፈለገኝም። ያን ያህል ጊዜ የናፈቀኝ ሰው ነው። በጨለማም ቢሆን ከሰው መሀል መቀመጥ ፈልጌ ነበር።

ፊቴን አሰብን። ድምፄን ግን እኔም ሆንኩ ዲሬክተሩ አላሰብነውም። እኔና ፈንቴ በመልክ ብዙም አንመሳሰልም፤ በድምፅ ግን እናታችን እንኳ ከጓሮ ሆና ስትሰማን ማንኛችን እንደሆንን ለመለየት ትቸገር ነበር።

መጋዘኑ ከገበያው ዳር ያለ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ነው። ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ ባለ ሁለት ተካፋች፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ሰፊ የብረት በር። መስኮቶቹ ትናንሽ፣ ከፍ ያሉና ፍርግርግ ያለባቸው ናቸው። የመብራቱ ሞተር ከኋላ በቆመው መኪና ላይ ስለሆነ ሽቦው በአንደኛው መስኮት ገብቶ እስከ ፕሮጀክተሩ ድረስ ተዘርግቷል። ዘበኞቹ የሚገባውን ሰው ሁሉ መሣሪያና ዱላውን ደጅ ያስቀራሉ። ፊልሙ የሚታይበት ነጭ አቡጀዴ ጨርቅ ከፊት ተወጥሯል። እኔ ከአቡጀዴው ጎን ኑግ በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሕዝቡ ገባ፣ ገባ፣ ገባ። በሩ ተዘጋና ጨለመ።

መጀመሪያ የታየው አጭር የሚያስቅ ፊልም ነው። ንግግር ስለሌለው እኔም እንደ ሰው ዝም ብዬ አየሁ። ሆዱን አስቀድሞ የሚሄድ፣ ጺሙን የሚያፍተለትል ጉረኛ ፖሊስ አለ። አንዲት ወፍራም ልብስ አጣቢ ደግሞ እርጥብ አንሶላ ይዛ ከተማውን ሙሉ ታባርረዋለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከእኔ ፊት ለፊት ጨለማው ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው ደግሞ እየተንተከተከ ሲስቅ የእሱ ሳቅ እኔን ይብስ አሳቀኝ። ፊቱን አላየሁትም። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሌላ ሰው ጋር መሳቄ ነበርና ሰውየውን ወደድኩት።

ከዚያ ረጅሙ ፊልም ጀመረ። ታሪኩ እንዲህ ነው። በሥራ ዘመኑ ብዙ ሰው ወደ ወህኒ የላከ፣ ፊቱ የማይፈታ ዳኛ አለ። በእርጅናው ዓይኑ ይጠፋና የሚመራው ሰው ይፈልጋል። የሚቀጠርለት ደግሞ ድሮ የፈረደበት ሌባ ነው፤ ከወህኒ ወጥቶ ሥራ የሚሰጠው ያጣ። ዳኛው በድምፁ እንዳያውቀው ሌባው ድዳ መስሎ ይገባል። እንግዲህ አስቡት። አንዱ አያይም፤ ሌላው አይናገርም።

እኔ መተርጎም ጀመርኩ። አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ያንኑ በአገውኛ። ወዲያው ተዋናዮቹ ይዘውኝ ሄዱ። ዳኛውን የሆነው ሰው ዓይኑን አልጨፈነም። ገልጦት ነው የማያየው። ድምፅ ወደመጣበት አገጩን ከፍ ሲያደርግ፣ ጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ሲፈልግ፣ እውነት ዕውር ነው ብላችሁ ትምሉ ነበር። ድዳው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ቃሉ ከሆዱ ተነስቶ ጉሮሮው ድረስ ሲመጣ ይታያል፤ ከዚያ ይውጠዋል። አንድም ቃል ሳይናገር ስንት ቃል ሲውጥ አየን። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ እኔ ምንም የምተረጉመው የለኝም፤ ሕዝቡ ግን አንድ ነገር አላመለጠውም።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ልብ አልኩ። ፊት ለፊቴ ይስቅ የነበረው ሰው ፀጥ ብሏል። ሌላው ሰው «ውይ» ሲል እሱ የለበትም። የፊልሙ የመጀመሪያ ጥቅል አለቀና አቶ ግርማ ሌላውን እስኪያጠልቁ መብራት አበሩ። ቀና ስል አያ ቸኮልን አየሁ። አቡጀዴውን አይደለም የሚያዩት፤ እኔን ነው። ያ ሲስቅ የነበረ ሰው እሳቸው ነበሩ።

ቀስ ብለው ተነሱ። ወደ በሩ ሄዱ፤ በዘበኛው በሩን ገርበብ አስደርገው ውጭ ላለ ሰው ጥቂት ነገር ተናገሩ። በቀዳዳው የአጎታቸውን ልጅ ስመኘውን አየሁት። የአያ ቸኮልን ምንሽር ተሸክሞ ቆሟል። በሩ ተመልሶ ተዘጋ። አያ ቸኮል ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። መጥተው እኔ ከተቀመጥኩበት ጆንያ ላይ፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ትከሻችን ተነካካ። መብራቱ ጠፋ።

ዲሬክተሩ በር አጠገብ፣ ከእኔ በጣም ርቀው ነበር። ብጣራ ምን እላለሁ? ብወጣ ጠመንጃው ውጭ ነው። ብቀመጥ ሰውየው አጠገቤ ናቸው። ፊልሙ ቀጠለ፤ ሕዝቡም ቃሌን ይጠብቃል። መተርጎሜን ቀጠልኩ።

ብዙም ሳይቆይ በረዶው መጣ። በእኛ አገር ክረምቱ ሊገባ ሲል የሚወርደውን በረዶ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ አያሰማም። የፊልሙ ድምፅ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። እኔም ዝም አልኩ። በዚያች ሰዓት በአቡጀዴው ላይ የሚታየው ድዳው የዳኛውን ጺም ሲላጭ ነበር። ዳኛው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ማንቁርቱን ሰጥቶ ተቀምጧል። ድዳው ምላጩን አንገቱ ላይ አሳርፎ እጁ ቆመ። ፊቱ ላይ ወህኒ ቤቱ ሁሉ መጣ፤ ያለፈው ዘመን፣ ረሃቡ፣ ውርደቱ። ቃል የለም፣ ድምፅ የለም። ያ ሰው በፊቱ ብቻ ያን ሁሉ አሳየን። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ምላጩን አንስቶ ከዳኛው ጆሮ ሥር የቀረውን ሳሙና በአውራ ጣቱ ጠረገለት። አያ ቸኮል ከጎኔ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ ሲለቁት በትከሻዬ ተሰማኝ።

ወዲያው ቤቱ ተናወጠ። ከበሩ ፊት ቆሞ የነበረው አሮጌ ባሕር ዛፍ በነፋሱ ተገንድሶ በሩ ላይ ወደቀ። በር አጠገብ የነበሩት ገፉ፤ አልከፈት አለ። በበሩ ሥር የጎርፍ ውሃ መግባት ጀመረ። «ተዘጋብን» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ከኋላ ያለው ወደ ፊት፣ ከፊት ያለው ወደ ኋላ መግፋት ጀመረ። ሴቶችና ሽማግሌዎች መሀል ላይ ናቸው።

አቶ ግርማ ፊልሙን አላቆሙም። ፕሮጀክተሩን እንደበራ ትተው ወደ እኔ መጡና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «ተናገር፤ አንተ ዝም ካልክ ይረጋገጣሉ» አሉኝ።

የፊልሙ ድምፅ እንደማይሰማኝ ነገርኳቸው።

«የመጣልህን ተናገር» አሉኝ።

ጆንያው ላይ ቆሜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። ዳኛው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከፊቱ አንብቤ እናገራለሁ፤ ድዳው ሲያዝን ምን እያሰበ እንደሆነ እናገራለሁ። የተዋናዮቹ ፊት ያን ያህል ግልጽ ባይሆን ኖሮ አልችልም ነበር። ሰው እየጮኸ ሳለ አንገቱን ወደ አቡጀዴው መለስ ያደርጋል፤ ካየ ደግሞ ቆም ይላል። ቀስ በቀስ መገፋፋቱ በረደ። አንዳንዱ ተመልሶ ተቀመጠ። ከውጭ የሾፌሩ ድምፅ በመስኮቱ መጣ፤ ዛፉን የሚቆርጡ ሰዎች እየተጠሩ መሆኑን፣ ጎርፉ ግን መንገዱን ስለያዘ ታግሰን እንድንጠብቅ ነገረን። ያን ጊዜ ነው ሌላው ሁሉ በሩ እንዲከፈት ሲጸልይ እኔ እንዳይከፈት የጸለይኩት። ስመኘው ከበሩ ማዶ ነው።

በረዶው ሳሳ፤ የፊልሙ ድምፅም ተመለሰ። ዳኛው ብቻውን ከቤት ወጥቶ በዱላው እየዳበሰ ወደ ድልድይ ይሄዳል። የድልድዩን መሀል ጎርፍ ወስዶታል። ድዳው ከሩቅ ያየዋል፤ ይሮጣል፤ አይደርስም። አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ተወጠረ። ያ ሁሉ የዋጠው ቃል በአንዴ ወጣና «ቁም!» ብሎ ጮኸ።

እኔም በአማርኛ ከዚያም በአገውኛ «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። በመጋዘኑ ውስጥ የተሰማው የወንድሜ ድምፅ ነው። የአያ ቸኮል እጅ የእጄን አንጓ ያዘው። የእርፍ ጨባጭ እጅ ነው፤ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ቃሌ ጠፋ።

በአቡጀዴው ላይ ዳኛው ቆሟል። ወደ ድምፁ ዞረ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ተናገረ። ድዳው መለሰለት። ዳኛው እንደገና ተናገረ። ሕዝቡ «ምን አለው?» ይላል። እኔ ዝም። ከኋላ ሰዎች ጮኹ፤ አቶ ግርማም በእጃቸው ጠቆሙኝ። እኔ ያን እጅ ብቻ ነው የማስበው።

አያ ቸኮል አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል በአገውኛ ተናገሩኝ።

«ምን አለው?»

አላመንኩም። ቀና ብዬ አየኋቸው። የአቡጀዴው ብርሃን ፊታቸው ላይ ነው፤ እያዩ ያሉት እኔን ሳይሆን ዳኛውን ነው። እጄን አልለቀቁም። መልሰው ጠየቁኝ።

«ዳኛው ነው የተናገረው። ምን አለው?»

ጮክ ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። «ድምፅህን ከመጣህበት ሰሞን ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ተኝተህ ትናገራለህ» ብሎታል አልኩ። ሌባው፣ «ታዲያ እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?» ሲለው፣ ዳኛው፣ «ብናገር ትተኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ» ብሎ መልሶለታል።

በር አጠገብ ውሃ ውስጥ የቆሙት እንኳ አልተንቀሳቀሱም። አያ ቸኮል እጄን ለቀቁትና ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማንነቱን እያወቀ አብሮት ይበላ እንደነበር ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ፈርቶት ነው ወይ አሉኝ።

«አይደለም» አልኳቸው፤ «ለምዶት ነው።»

ፊልሙ አለቀ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ከውጭ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ሰው እንደገና መቁነጥነጥ ሲጀምር አቶ ግርማ መሀል ላይ ቆመው አንድ ነገር ነገሩን። ያ ጉረኛ ፖሊስና ይህ ድዳ አንድ ሰው ናቸው፤ ያቺ ወፍራም ልብስ አጣቢ ደግሞ ዳኛው ነው አሉ። ስተረጉመው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ውሸት ነው አለ። አንዲት አሮጊት እንደዚያ ያለች ዳሌ ያላት ሴት እንዴት ወንድ ትሆናለች ብለው ተቆጡ። አቶ ግርማ ሳቁና አጭሩን ፊልም መልሰው አጠለቁት።

ያን ፊልም ሁለተኛ ስናየው ሌላ ፊልም ሆነብን። ፖሊሱ ጺሙን እያፍተለተለ ሲመጣ ዓይኑ ውስጥ ድዳውን ፈለግን። መጀመሪያ የለም። ሆዱ የእሱ አይደለም፤ አረማመዱ የእሱ አይደለም፤ አንገቱ እንኳ የሌላ ሰው አንገት ነው። በኋላ እርጥቡ አንሶላ ፊቱን ሲመታው ለአፍታ ደንግጦ ቆመ፤ ያኔ ብቅ አለ። «እሱ ነው!» የሚል ጩኸት ቤቱን ሞላው። አሮጊቷ አጨበጨቡ። አያ ቸኮል ግን ቅድም ያንን ያህል የሳቁበት ሰው ላይ አሁን አልሳቁም። አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው እስኪያልቅ አዩት።

«እንግዲህ ሰው ስንት ነው?» አሉ።

ቀጥለውም ዓይናቸውን ከአቡጀዴው ሳያነሱ፣ «ጥሩነህ ቢያይ ይወደው ነበር» አሉኝ።

ያን ስም ከዚያ ቀን በፊት ማንም ፊቴ ላይ ጠርቶት አያውቅም። በቤታችን «ሟቹ» ነው የሚባለው። ስሙን ስሰማ ሰውየው ትዝ አለኝ። ጥሩነህ ሰው በማስመሰል የሚስተካከለው አልነበረም። ቄሱን ይሆናል፣ ጭቃ ሹሙን ይሆናል፣ ገበያ ላይ የምትከራከር ሴት ይሆናል። ጥሩነህ ካለ ሠርግ ላይ አዝማሪ አይፈለግም ነበር። አንድ ጊዜ በእኛው ቤት ድግስ ላይ አባቴ ጠፍቶ የሄደ በሬውን ሲጣራ አስመስሎ፣ አባቴ ራሱ እንባው እስኪወርድ ስቋል። ይህን ለአያ ቸኮል ነገርኳቸው። መናገር የሚገባኝ መሆኑን አላውቅም፤ ግን ተናገርኩ። እሳቸውም እኔ የማላውቀውን ነገሩኝ፤ ልጅ እያለ አባታቸው ሊገርፉት ሲነሱ የአባታቸውን የቁጣ ድምፅ አስመስሎ ራሱን ይገሥጽ እንደነበር፣ አባታቸውም ስቀው አለንጋውን ይጥሉት እንደነበር። ወንድማቸውን የገደለባቸው ወንድሜ፣ ጥሩነህን ለእኔም የገደለብኝ ሆኖ ተሰማኝ። እስከዚያ ቀን የራሴን መከራ ብቻ ነበር የማለቅሰው።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወጥታ ነበርና ብርሃኑ ዓይን ያጠፋል። መሬቱ በበረዶ ነጭ ሆኗል። ሰው እየተሳሳመ፣ ፈጣሪውን እያመሰገነ ወጣ። እኔ አልተነሳሁም። አያ ቸኮል ቆመው ሲጠብቁኝ ስመኘው ውጭ መሆኑን ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ፤ ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ተነሳ።»

ዝናብ ይሆናል ብለው ይዘውት የመጡትን የሣር ገሳ አንስተው ግማሹን በእኔ ትከሻ፣ ግማሹን በራሳቸው ላይ አደረጉት። ስመኘው ከግድግዳው ሥር ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። እኔን ሲያይ አፈሙዙ ተነሳ፤ ከጎኔ ያሉትን ሲያይ ደግሞ ግራ ገባው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ገና የሚነግረኝ አለው» አሉት።

«ምን?»

«መንገድ ልቀቅ ስመኘው።»

ለቀቀ። እሱ ከኋላችን እየተከተለ፣ እኛ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በዚያች አንዲት ገሳ ሥር ሄድን። ዲሬክተሩ ከኋላ እየሮጡ ደረሱና በሩን አስከፈቱ። አያ ቸኮል ገሳውን ከትከሻዬ ሳቡ።

«ይቅር አላልኩህም» አሉኝ። «እናቴ ገና ጥቁር እንደለበሰች ናት። ነገር ግን አባትህ ሽማግሌ ይላክ። ከዚህ በፊት የላከውን መልሻለሁ፤ የአሁኑን እሰማለሁ።»

እርቁ ቀላል አልነበረም። እናታቸው ደጋግመው እምቢ አሉ፤ ስመኘውም ለብዙ ጊዜ አኮረፈ። ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ። በመጨረሻ ሁለቱ ቤተሰቦች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማሉ፤ ደሙ ደረቀ። ወንድሜ ግን አልተመለሰም፤ ቆላ ላይ በወባ መሞቱን ሰማን። ለቅሶው ላይ አያ ቸኮል መጥተው ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። እኔም ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ትምህርቴን ጨረስኩና አስተማሪ ሆንኩ።

ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር አያ ቸኮል ያስጠሩኝ ነበር። የሚፈልጉት ያንን ፊልም ነው። የተረሳኝ ቦታ ካለ ያርሙኛል። አንድ ቀን ግን የጥሩነህን ልጅ አምጥተው ፊት ለፊቴ አስቀመጧት። አባቷ ሲሞት ገና ታዝላ ነበር፤ አታውቀውም። ጥሩነህ አባትህን ሲያስመስል የነበረውን አሳያት አሉኝ። እኔ ተዋናይ አይደለሁም፤ በሰው ፊት ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ግን ተነሳሁ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ በአባቴ ድምፅ የጠፋውን በሬ ተጣራሁ። ልጅቷ መጀመሪያ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። «አባቴ እንዲህ ነበር?» አለች። አያ ቸኮል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ፊልም አይቻለሁ። ሰዎች ስለ መልከ መልካሞቹና ስለ ተኩሱ ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ የማየው ሌላ ነው። አንድ ተዋናይ ትናንት ያሳቀኝ ዛሬ ሲያስለቅሰኝ፣ ትናንት ጨካኝ የነበረው ዛሬ የሚያሳዝን ሲሆን፣ አጠገቤ ያለውን ሰው አንድ መልክ ብቻ ሰጥቼው እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። ለሁለት ዓመት አያ ቸኮል ለእኔ ጠመንጃ ብቻ ነበሩ፤ እኔም ለእሳቸው የአንድ ገዳይ ድምፅ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በላይ መሆናችንን ያየነው ሌሎች ሰዎች ሌላ ሰው ሲሆኑ አይተን ነው።

እነዚያን ሁለት ተዋናዮች ስማቸውን አላውቅም። አቶ ግርማን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ዳንግላ የሚባል አገር መኖሩን ሳይሰሙ ሞተው ይሆናል። ያን ፊልም ሠርተው፣ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ፊታቸውን ታጥበው ወደየቤታቸው ሄደዋል። እኔ ግን ይኸው አርጅቼ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ይህን እጽፍላችኋለሁ።